ሴት የጨበጠችው እርፍ

በሲሳውራ መንደር ዳኔስሪን «ባለ ሁለት ቤቷ» እያሉ ይጠሯት ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ያለ ምክንያት የወጣ ቀልድ አልነበረም። ባሏ ሲሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ መሬቱን እኩል ቆርሰው ወሰዱ፣ በሬዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ተካፈሉ፣ በመጨረሻም በግቢው መሀል የጭቃ ግድግዳ አቆሙ። እናት ግን ለሁለት አትቆረስም። በአገሩ ወግ ከታላቁ ልጅ ከማህቢር ጋር ቀረች። ቀረች ይባል እንጂ ጠዋት ከማህቢር ምድጃ ቂጣዋን በልታ፣ ቀን ከታናሹ ከሁብላል ደጃፍ የልጅ ልጇን አቅፋ ስለምትውል ግድግዳው ለእሷ የቆመ አይመስልም ነበር። ማለፊያ እንዲሆናት ከግድግዳው ጥግ አንድ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ትተውላታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁብላልን እባብ ነደፈው። ከሩዙ ማሳ ተሸክመው ሲያመጡት ትንፋሹ አልነበረም። የሚስቱን የኬሳሪን የመስታወት አምባሮች ከእጇ ላይ ሰባበሩ፣ ባለትዳር ሴት የምትቀባውን ቀይ ቀለም ከፀጉሯ መሀል ጠረጉ፣ ነጭ ሳሪ አለበሷት። ሙንያ የምትባለው ልጇ ገና በቅጡ መሮጥ የማትችል ሕፃን ነበረች፤ የተሰባበረውን መስታወት ልትለቅም ስትንበረከክ አፈፍ አድርጋ ያነሳቻት ዳኔስሪ ናት። ያን ቀን ዳኔስሪ አላለቀሰችም። ዕንባዋ የመጣው ሰንብቶ ነው፤ አንድ ቀን በዘይትና በቅመም የተቀመጠውን ማንጎ ከገንቦው ስታወጣ፣ ሁብላል እጁን ሰዶ እየሰረቀ ይበላው እንደነበር ትዝ አላትና ገንቦውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ማህቢር ክፉ ሰው አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እስኪመሽ የሚለፋ ገበሬ ነው። ግን የአባቱ መሬት ለሁለት ሲቆረስ ከገዛ ሥጋው የቆረሱበት ያህል ተሰምቶት ነበር፤ ቁስሉም አልሻረለትም። የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ እናቱን ጠርቶ ያሰበውን ነገራት። የሁብላልን ማሳ እሱ ያርሰዋል፤ ኬሳሪና ልጅቷም ከእሱ ምድጃ ይበላሉ። ግድግዳውንም ያፈርሱታል።

ግድግዳው ይፈርሳል የሚለውን ስትሰማ የዳኔስሪ ልብ ዘለለ። ወዲያው በክፍተቱ ሾልካ ሄደች። ኬሳሪ ታላቅ ዋርሳዋን በቀጥታ ማናገር አይገባትም፤ ፊቷንም ሊያይ አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በዳኔስሪ አፍ ነው፤ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነበር።

ኬሳሪ የሙንያን ፀጉር በዘይት እያሸች እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ይንገሩልኝ እማ» አለች። «ለማሰቡ እግዜር ያክብርልኝ። ማሳው ግን የሙንያ ነው። በሰው ማዕድ ያደገ ልጅ ከቂጣው በፊት የሰጪውን ፊት ነው የሚያየው። ልጄ ፊት እያየች እንድታድግ አልፈልግም።»

አራሽ እፈልጋለሁ፣ ከምርቱ ድርሻውን እሰጠዋለሁ አለች። ዳኔስሪ እንደተከፋች ተመለሰች። ማህቢር መልሱን ሲሰማ ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ማታ ሲመለስ ደግሞ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። እናቱ የት ዋልክ ብላ አልጠየቀችውም። ነገሩ የገባት በማግስቱ፣ ከማግስቱም ወዲያ ነው። ኬሳሪ የጠየቀችው የመጀመሪያው አራሽ ወገቤን አሞኛል አለ። ሁለተኛው የበሬዎችሽ ዓይን አላማረኝም አለ። ሦስተኛው አማቴ ሞታብኛለች ብሎ ሄደ፤ አማቱ ግን በነጋታው እንስራዋን ይዛ ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ ታየች።

ከዝናቡ በኋላ መሬት እርጥበቷን አቅፋ የምትጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ውስጥ ታርሳ ስንዴው ካልገባ ዓመቱ አለቀ። የሰው ሁሉ ማሳ ጥቁር ሆኖ ተገለባብጦ ሲታይ የሁብላል ማሳ ብቻ የሩዙ ገለባ እንደቆመ ከላይ እየነጣ፣ እየተሰነጠቀ ሄደ። ማህቢር አይቸኩልም። መሬቱ ራሱ ያስታርቀናል ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ዳኔስሪ ከግቢው ውጭ ኩበት እየጠፈጠፈች ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ፣ በጉሙ ውስጥ ሁለት በሬዎች ሲያልፉ አየች። ከኋላቸው ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ ሰው አለ። ሰውየው ነጭ ለብሷል። አይ፣ ሰውየው አይደለም።

እጇን ሳትታጠብ ሮጠች። ስትደርስ ኬሳሪ በሬዎቹን ጠምዳ፣ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ አጥብቃ ሸጉጣ፣ እርፉን ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ትልም እንደ ሰካራም መንገድ ይወላገዳል። ማረሻው አንዴ ይዘልቅና በሬዎቹን ያቆማል፣ አንዴ ይዘልና አፈሩን ጭሮ ያልፋል። ሙንያ ድንበሩ ላይ ጆንያ ተነጥፎላት ሸንኮራ አገዳ ትመጥጣለች።

በዚያ አገር ሴት ትዘራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች። እርፍ ግን አትጨብጥም። ሴት እርፍ ከነካች ሰማይ ይዘጋል፣ መሬት ይመክናል ይባላል። ዳኔስሪም ይህንን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። «ልጄ፣ ምን ጉድ ልታመጪብን ነው? ተይ ልቀቂ» አለቻት። ኬሳሪ አልለቀቀችም፤ የአማቷን ፊትም አላየችም። ያየችው የበሬዎቹን ሽንጥ ብቻ ነው።

ወሬው ከጉሙ ፈጥኖ መንደሩን አዳረሰ። ወንዶቹ አንድ ባንድ ድንበሩ ላይ ተሰለፉ። ማህቢር በትሩን ይዞ እየሮጠ መጣና ማሳው መሀል ሲደርስ ድንገት ቆመ። ታላቅ ወንድም የታናሹን ሚስት ሊነካት ቀርቶ ጥላዋን ሊረግጥ አይገባውም። እርፉን ሊቀማት ቢሄድ እጇን ሊነካ ነው። በሬዎቹን ሊያስቆም ቢቀድም ፊቷን ሊያይ ነው። እሷ ወዲህ ስትመጣ እሱ ወዲያ እየሸሸ፣ በትሩን እንደያዘ በገዛ አባቱ መሬት ላይ መቆሚያ አጣ።

«እማ» አለ መጨረሻ ላይ፣ «ልቀቂ በያት።»

ዳኔስሪ ወደ ኬሳሪ ዞረች። «ልቀቂ ይልሻል።»

«እሺ ይበሉት» አለች ኬሳሪ ከሳሪዋ ሥር። «እሱ አርሶ ምርቱን ከሙንያ ጎተራ የሚያገባ ከሆነ አሁኑኑ እለቃለሁ።»

ዳኔስሪ ነገረችው። ማህቢር የሚያየውን ሕዝብ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሴት የነካችው መሬት አያበቅልም በያት።»

ኬሳሪ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች። ዳኔስሪ ሰማቻት፤ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሰው ሁሉ ጠበቃት። «ሴት የነካችው የማያበቅል ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ «ማህቢር ራሱ ከየት በቀለ? ትልሃለች።»

ድንበሩ ላይ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ማህቢር ፊቱ ጠቆረ። በትሩን ወርውሮ ወደ መንደሩ አለቃ ቤት ሄደ። ዳኔስሪ ለልጇ አዘነች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያ ቃል በምላሷ ላይ ሲያልፍ ጣዕሙን ወዳው ነበር። ስትመለስ መንገድ ላይ ለብቻዋ አንድ ሁለቴ ደገመችው።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አምስቱ ሽማግሌዎች በገመድ አልጋዎች ላይ፣ ሌላው ወንድ መሬት ላይ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፍነው በስተኋላ ከግድግዳው ጥግ። የትምባሆው ጋያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመንደሩ አለቃ ቲርሎኪ ጺሙን የሚያበጥር፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ከአባት ከአያት የመጣ ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱን ያፈረሰ በመንደሩ ሁሉ ላይ መዓት ይጠራል፤ የክረምቱ ዝናብ ቢያልፍም ስንዴው የብርዱን ወራት ካፊያ ይፈልጋል፤ ያ ካፊያ ባይመጣ ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ኬሳሪ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ማሳውን ለዋርሳዋ ትልቀቅ። እምቢ ካለች እሳት እንዳትጭር፣ ከጉድጓዱም ውኃ እንዳትቀዳ ይከለከላል።

ውኃ የሚለውን ሲሰሙ ሴቶቹ ተንቀሳቀሱ። ከውኃ የተከለከለ ሰው መንደሩን ጥሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም።

ኬሳሪ በሽማግሌዎች ፊት መናገር ስለማይገባት ለዳኔስሪ ጆሮ አንሾካሾከች፤ ዳኔስሪም እየተቀበለች ተናገረች። አራሽ ለምና እንዳጣች ተናገረች። ማን እንደከለከላቸው አልጠቀሰችም፤ ሦስቱ አራሾች ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ዛሬ በሬ ጠምዶ ቢገባልኝ እርፉን ሁለተኛ አልነካም አለች። ማንም አልተነሳም። የኬሳሪ ቃል በዚህ አበቃ።

ዳኔስሪ ግን አልተቀመጠችም። ሰዉ የሚቀጥለው ሹክሹክታ እስኪመጣ የምትጠብቅ መስሎት ነበር።

«ቲርሎኪ» አለች፣ «የኩሬው ልብ የተሰነጠቀበትን የድርቅ ዓመት ታስታውሳለህ?»

ቲርሎኪ ዓይኑን ገለጠ። «ኬሳሪ ያን ጊዜ አልተወለደችም፤ ስለ ድርቁ ምን አገባት?»

«ይሄ የእሷ ቃል አይደለም። የራሴ ነው።» ሳሪዋን ከግንባሯ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ፀጉሯ ጥጥ መስሏል። «እናትህ ጓደኛዬ ነበረች። ከብቱ ሲያልቅ፣ ሕፃናት ሲረግፉ፣ አባትህና የማህቢር አባት እዚሁ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ምን ብለው ፈረዱ? ወንድ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛ፣ ሴቶቹ ወጥተው ይረሱ፣ ሰማይ የሚራራው ለእነሱ ነው አሉ። በሬ እንኳ አልሰጣችሁንም። ልብሳችንን ጥለን ቀንበሩን በትከሻችን ተሸከምነው። እኔ በቀኝ፣ የዚች የባታስያ እናት በግራ። እርፉን የያዘችው ማን እንደነበረች ልንገርህ?»

ስለዚያ ሥርዓት ወንድ ፊት አይወራም። በመንደሩ ወንድ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም እንደሚያውቅ አይናገርም። ቲርሎኪ ጋያውን ሊስብ አፉን ቢያስጠጋ እሳቱ ጠፍቶ ነበር።

«አይ፣ እትዬ ዳኔስሪ፣ ይቅር...» አለ።

«እናትህ ናት። ዝናቡም መጣ፤ በዚያ ዝናብ የበቀለውን ነው በልታችሁ ያደጋችሁት። ያኔ የሴት እጅ እርፍ ሲነካ ሰማይ ተከፈተ። ዛሬ የሴት እጅ እርፍ ሲነካ ሰማይ ይዘጋል ትሉኛላችሁ። ሰማዩ ያው ነው፣ እርፉ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው። የተለወጠው ያኔ የራባችሁ እናንተ መሆናችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የራባት እሷ መሆኗ ነው።»

ከግድግዳው ጥግ የሸክላ ሠሪው ሚስት ባታስያ ሳቋን ልታፍን ሞክራ አመለጣት። ከዚያ የሴቶቹ ትከሻ ሁሉ ከሳሪው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንዶቹ እርስ በርስ አልተያዩም። ማህቢር ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ዳኔስሪ አየችው፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም።

ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ብዙ ተማከሩ። በመጨረሻ ቲርሎኪ ውሳኔውን ተናገረ። እሳትና ውኃ አይከለከሉባትም። ነገር ግን ወንድ የሆነ ሁሉ በዚያ ማሳ ላይ እጁን እንዳያገባ፤ ብቻዋን ያቃታት እንደሆነ ራሷ ለዋርሳዋ ትመልሰዋለች።

«ይሁን» አለች ዳኔስሪ። «ወንድ ማን ጠየቀና?»

ያን ዕለት ጋቢዋንና የናስ መጠጫዋን ይዛ በግድግዳው ክፍተት አለፈች። ወደ ማህቢር ቤት አልተመለሰችም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ኬሳሪ ታርሳለች፣ ዳኔስሪ የዘር ቅርጫቱን በጎኗ አድርጋ ከትልሙ ኋላ ኋላ እየተከተለች ትዘራለች። ጥቂት እንደሄዱ ባታስያ መጣች፤ ጓሉን የምትከሰክስበት መዶሻ ይዛለች። ምንም ሳትል ገባች። ከዚያ የዘይት ጨማቂው እናት መጣች፣ ከዚያ ሁለት ሙሽሮች ተጠቋቁመው መጡ። ከቀትር በፊት ደግሞ የማህቢር ሚስት ራምራቲ በራሷ ላይ የቂጣና የእርጎ ቅርጫት ተሸክማ ድንበሩን ተሻገረች። ዳኔስሪ ባልሽ ምን ይልሻል አለቻት። «ወንድ እጁን እንዳያገባ ነው የተባለው» አለች ራምራቲ፤ «እኔን ወንድ ነሽ ያለኝ የለም።»

በሬዎቹ የኬሳሪን ድምፅ ለመዱት። መጀመሪያ እጇ አብጦ ነበር፣ ከዚያ ቆሰለ፣ ከዚያ ጠነከረ። ሲደክማት ባታስያ እርፉን ትቀበላታለች፤ ባታስያ ሲደክማት ከሙሽሮቹ አንዷ። አንደኛዋ ሙሽራ ማረሻውን ከድንጋይ ጋር አጋጭታ ስትወድቅ ማሳው በሳቅ ተሞላ። የእርሻ ዘፈን ሳይሆን የሠርግ ዘፈን ነበር የሚዘፍኑት፤ ሙሽራውንና አማቱን የሚሳደቡበትን፣ ባለጌውን ዘፈን። መንገድ ላይ የሚያልፉ ወንዶች ፈገግታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ እየሸፈኑ ያልፋሉ። ቀጥ ያለ ትልም በማሳው ላይ አልነበረም። እርጥበቱ ሳይሸሽ ግን የመጨረሻው ፍሬ አፈር ገባ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ዳኔስሪ በአፏ ደፋር ብትሆንም በልቧ ፈርታለች። ጠዋት ጠዋት ሄዳ አፈሩን በጣቷ ትጭራለች። ስንዴው አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ እያለ ሲወጣ ደስታዋ ልክ አጣ፤ ከዚያ ደግሞ የካፊያው ነገር ያስጨንቃት ጀመር። ሰማዩ ለረጅም ጊዜ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ቆየ። የቲርሎኪ ሰዎች ሲያዩአት ሰማይ ሰማይ ያሳዩአታል። ብርዱ ከበረታ በኋላ አንድ ቀን ግን ሰሜኑ ጠቆረ፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ካፋ። በኬሳሪ ማሳ ላይ ካፋ፣ በማህቢር ላይ ካፋ፣ በቲርሎኪም ላይ ካፋ። ዳኔስሪ ደጃፉ ላይ ወጥታ በነጭ ፀጉሯ ዝናቡን ተቀበለችው። ኬሳሪ ይግቡ እማ፣ ብርድ ይመታዎታል ብትላት አልሰማቻትም።

አጨዳው ሲደርስ ስንዴው በተወላገደው ትልም ላይ ተጨናንቆ፣ ዛላው ከብዶት ተደፍቶ ነበር። ከመንደሩ ሁሉ ማሳ የበለጠ ነው ብሎ የሚምል አለ፤ ዳኔስሪ ራሷ እንደዚያ አላለችም። ለኬሳሪና ለልጅቷ ዓመቱን የሚያሻግር፣ ለከርሞም ዘር የሚተርፍ ነበር፤ ያ በቂ ነው።

አውድማው ላይ ነፋስ በተነሳ ቀን፣ ሴቶቹ ስንዴውን በነፋስ ከገለባው ሲለዩ ማህቢር መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ። ኬሳሪ ሳሪዋን ዝቅ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ሌሎቹም ሥራቸውን አቆሙ። ዳኔስሪ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከስቷል፤ ጥምጥሙም በቅጡ አልታጠበም።

«የሽማግሌዎቹ ቃል ስለታረሰው ማሳ ነው» አለ ማህቢር መሬት እያየ። «ስለ አውድማው አልተናገሩም።»

ዳኔስሪ ወደ እሱ ሄደች። ከእጇ ላይ መንሹን ሰጠችው። ማህቢር ተቀበለና ነፋሱን ጀርባው ላይ አድርጎ ስንዴውን ወደ ላይ መበተን ጀመረ። እስኪመሽ ቀና አላለም። ከወንድሙ ስንዴ አንዲት ፍሬ እንዳትባክን በጉልበቱ ተንበርክኮ ዳር ዳሩን ሲለቅም ራምራቲ አይታ ዓይኗን ጠረገች። ሲጨርሱ ኬሳሪ ከምርቱ በቅርጫት ሞልታ ለአማቷ ሰጠቻት፤ ለማህቢር ቤት ነው አለች። ማህቢር ቅርጫቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩን አስነካው።

ስንዴው በጆንያ ተሞልቶ በጋሪ ላይ ተጫነ። ኬሳሪ ከፊት ተቀምጣ የበሬዎቹን ገመድ ያዘች። ዳኔስሪን ሴቶቹ ተሸክመው ከጆንያዎቹ ላይ አወጧት፤ ሙንያን ከጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በቲርሎኪ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው የገመድ አልጋዎቻቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተው ጋያ ይስቡ ነበር። ጋሪው ደረሰና ቆመ። በሬዎቹ አፍንጫቸውን ከቲርሎኪ ትከሻ አጠገብ አድርገው ተነፈሱ።

ኬሳሪ ገመዱን እንደያዘች ጠበቀች። ከኋላ የተከተሉት ሴቶች ዘፈናቸውን አላቋረጡም።

ቲርሎኪ ቀና ብሎ መጀመሪያ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ ጆንያዎቹን፣ በመጨረሻ ከላይ የተቀመጠችውን አሮጊት አየ። ጋያውን አስቀመጠ። ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ አልጋውን በገዛ እጁ አንስቶ ግድግዳው ጥግ አስጠጋው። አራቱ ሽማግሌዎችም እየተነሱ አልጋዎቻቸውን አነሱ።

«ይለፉ እትዬ» አለ ቲርሎኪ።

«ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» አለች ዳኔስሪ፤ ከልቧ ነበር ያለችው። ኬሳሪ ገመዱን ሳብ አድርጋ በሬዎቹን ጠራቻቸው፤ ጋሪው እየተንቋቋ በመካከላቸው አለፈ።